ጎተራው የማን ነው?

ለወጣት ኅብረቶች ጥናት
የንባብ ክፍል፦ ዘፍጥረት 41 እና 47፤ ነህምያ 5



እኛ በምንኖርበት በቶንጎ፣ ከዚያም አልፎ በባምባሲና በአሶሳ፣ ወጣቶች በተሰበሰቡበት ሁሉ ደጋግሞ የሚነሣ ክርክር አለ። አንዱ ወገን፣ «ጌታ ስለ ነገ እንዳንጨነቅ አስተምሮናል፤ የአምስት ዓመትና የአሥር ዓመት ዕቅድ የዓለም ሰዎች ጉዳይ ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ፣ «ዙሪያችሁን እዩ፤ ግድቡ አለቀ፣ የወርቅ ኩባንያ ገባ፣ ከተሞቻችን እየሰፉ ነው፤ እኛ ካላቀድን ሌላው በእኛ ላይ ያቅዳል» ብሎ ይመልሳል። ክርክሩ ሳይቋጭ ሰዓቱ ይደርስና በጸሎት ይዘጋል። በዚህ ጽሑፍ ክርክሩን አብረን ትንሽ ራቅ አድርገን ልንወስደው እፈልጋለሁ። ሁለቱም ወገኖች ያልጠየቁት አንድ ጥያቄ አለና።

ማቀድ አለማመን ነው?

መጽሐፍ ቅዱሳችንን ብንገልጥ ይህ ጥያቄ ቶሎ ይፈታል። ጌታ በተራራው ስብከት የከለከለው ጭንቀትን ነው። ጭንቀት እንቅልፍ ያሳጣል እንጂ ለነገ አንዲት ፍሬ አይዘራም። ያው ጌታ በሉቃስ 14 ግንብ ሊሠራ የሚነሣ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲያሰላ፣ ካላሰላ ግን መሠረት ጥሎ መጨረስ አቅቶት መሳቂያ እንደሚሆን አስተምሯል። ሐዋርያው ያዕቆብ በምዕራፍ 4 የገሠጻቸው ነጋዴዎችም የተወቀሱት ስላቀዱ አይደለም፤ ዕድሜያቸው እንደ ጉም መሆኑን ረስተው በዕቅዳቸው ስለ ተመኩ ነው። ክረምቱን ቶንጎ ላይ ያሳለፈ ሰው የጠዋት ጉም ምን ያህል እንደሚቆይ ያውቃል። ገበሬያችን ግን ጉሙን እያየም ማሳውን ያርሳል።

እንግዲህ ማቀድ ተፈቅዶልናል፤ እንዲያውም ታዘናል። የሚከብደው ጥያቄ ቀጥሎ የሚመጣው ነው፦ ዕቅዱ ከተሳካ በኋላ ሰው ምን ሆኖ ይቀራል? ስለ ክልላችን የሚነገረው ብዙው ነገር ስለሚገኘው ሀብት ነው። እኔ ግን ሀብቱ ከተገኘ በኋላ ስለሚኖረው ሰው እንድታስቡ ልጠይቃችሁ እወዳለሁ።

በእጃችን ያለው

በመጀመሪያ ስለ ምን እየተነጋገርን እንደ ሆነ እንይ። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሰፊ መሬትና ጥቂት ሕዝብ ያለበት ክልል ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ነዋሪው ወደ 784 ሺህ ገደማ ነበር። በመተከል ዞን ጉባ ወረዳ ላይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው ታላቁ የህዳሴ ግድብ፣ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። 145 ሜትር ከፍታ ያለው፣ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም የተተከለለት፣ ከኋላው 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ውኃ የሚይዝ ሥራ ነው። በኩርሙክ በኩል በውጭ ኩባንያ የተያዘ ዘመናዊ የወርቅ ማዕድን አለ። ባህላዊ ወርቅ አምራቾች በየወንዙ ዳር ከድሮ ጀምሮ አሉ። በ2017 በጀት ዓመት ደግሞ ወርቅ ቡናን ቀድሞ ከአገራችን የወጪ ንግድ ሸቀጦች ትልቁን ገቢ ያስገኘ ሆኗል። የዳሌቲ እብነ በረድ የአዲስ አበባን ሕንፃዎች ያስጌጣል። የቆላ ቀርቀሃችን ስፋት በአገር ደረጃ የታወቀ ነው። አሶሳ ዩኒቨርሲቲ ልጆቻችንን እያስተማረ ነው። በማኦ ኮሞ ቡናችንም ማንጎአችንም አለ።

ይህን ስንዘረዝር ልባችን ይሞቃል። ነገር ግን ምድራችን ሀብታም መሆኗ አዲስ ዜና አይደለም። የዛሬ ሁለት መቶ ዓመት የግብፅ ገዢ የነበረው ሙሐመድ ዓሊ ሱዳንን ያስወረረው ወርቅና ባሪያ ፍለጋ ነበር። በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ እሱ ራሱ በሽምግልናው ከድንበራችን ማዶ እስካለው ፋዞግሊ ድረስ የመጣው የወርቁን ነገር በዓይኑ ሊያይ ነው። በ1890 ዓ.ም. ገደማ ራስ መኮንን አካባቢውን ለአፄ ምኒልክ ካስገበሩ በኋላም ግብሩ በወርቅ ይከፈል ነበር፤ የአሶሳው ሼህ ሖጀሌ አል ሐሰን በዚህ ይታወቃሉ። ባሪያ ንግዱም ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመታት ቀጥሏል። ወርቁና ሰው በአንድ መንገድ፣ በአንድ ቅፍለት ሲወጡ ኖረዋል። በእነዚያ ዘመናት ሁሉ አካባቢው «ኢኮኖሚ» ነበረው። ገበያ ነበረው፣ ነጋዴ ነበረው፣ ትርፍም ነበረው። ያልነበረው ነገር ሀብቱ በወጣበት ምድር ላይ ለሚኖረው ሰው የሚያስብ ዕቅድ ነው።

አባቶቻችን «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። ዛሬም ከግድቡ የሚነሣው ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመር በዴዴሳ አድርጎ ወደ ሆለታ ይዘልቃል። ይህ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። ኃይል ፋብሪካ ወዳለበት ይሄዳል፤ የደሀው ሁሉ መዋጮ የገባበት ግድብም የአገር ሁሉ ነው። ነገር ግን ሽቦው በራሱ ላይ ሲያልፍ እያየ በኩራዝ የሚያጠና ተማሪ እስካለ ድረስ ሥራው ገና አላለቀም።

ዮሴፍ በሁለት ምዕራፎች

ስለ ዕቅድ ስንሰብክ ሁልጊዜ የምንጠቅሰው ዮሴፍን ነው። ይገባልም። እንዲያውም የዮሴፍ ታሪክ የእኛ ወንዝ ታሪክ ነው። ፈርዖን በሕልሙ ሰባቱን የወፈሩ ላሞች ሲወጡ ያየው ከዓባይ ወንዝ ነበር፤ የግብፅን ጥጋብ ያመጣው ውኃና ደለል አብዛኛው የሚወርደው ከእኛ ተራሮች ነው። ዮሴፍ ሕልሙን ፈታ፤ ከዚያም ሕልም ፈቺ ሁሉ የማያደርገውን አደረገ። በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ከምርቱ አምስተኛው እንዲሰበሰብ፣ በየከተማው ጎተራ እንዲኖር፣ ብልህ አስተዳዳሪ እንዲሾም ምክር አቀረበ። ረሃቡ ሲመጣ ግብፅ እህል ነበራት። ከዙሪያዋ ያሉ አገሮች ሳይቀሩ እህል ሊሸምቱ መጡ። የገዛ ወንድሞቹም ከሞት ተረፉ። ስብከታችን አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ያበቃል፤ «ወጣቶች፣ እንደ ዮሴፍ አቅዱ» እንላለን።

ምዕራፍ 47ን ግን አብራችሁኝ አንብቡ። ረሃቡ ሲበረታ ሕዝቡ በመጀመሪያ ብሩን ሁሉ ለእህል ከፈለ። ብሩ ሲያልቅ ከብቱን አስረከበ። በሚቀጥለው ዓመት የቀረው መሬቱና ራሱ ብቻ ነበር፤ እርሱንም ለፈርዖን ሸጠ። ዮሴፍ ዘር ሰጣቸው፤ ከዚያ በኋላ ግን በገዛ አባቶቻቸው መሬት ላይ እያረሱ አምስተኛውን ለፈርዖን የሚገብሩ ጭሰኞች ሆኑ። ልብ በሉ፤ እህሉ በጥጋቡ ዓመታት የተሰበሰበው ከእነርሱው ማሳ ነበር።

ዮሴፍን ለመክሰስ አይደለም የምጽፈው። መጽሐፉ አይከሰውም፤ ሕዝቡም ሕይወታችንን አዳንህ ብለው አመስግነውታል። የሞተ ሰው መሬት ቢኖረው ምን ይጠቅመዋል? ዮሴፍ ያለ ጥርጥር የብዙዎችን ነፍስ አድኗል። ነገር ግን መጽሐፍ ቅዱስ ታሪኩን ሳይሸፍን የጻፈልን እንድናስብበት ነው። አንድ ዕቅድ ነፍስን አድኖ ሰውን ደግሞ ባዶ እጁን ሊያስቀር ይችላል። ጎተራው ሞልቶ የጎተራው ቁልፍ ግን በአንድ እጅ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ሁለት ነገሮችን ጨምሩልኝ። አንደኛ፣ በዚያ ምዕራፍ መሬታቸውን ያልሸጡ ሰዎች ነበሩ፤ እነርሱም የግብፅ ካህናት ናቸው። ከፈርዖን ቋሚ ድርጎ ስለ ነበራቸው ረሃቡ አልነካቸውም። ለእኛ ለቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ይህ ከባድ ቃል ነው። የራሱ ቀለብ የተቆረጠለት ሰው የጎረቤቱ መሬት ሲሸጥ ላይሰማው ይችላል። ሁለተኛ፣ ዘፀአት ሲከፈት ዮሴፍን የማያውቅ ሌላ ንጉሥ ይነሣል። ዮሴፍ ደግ ሰው ነበረ፤ በእጁ የተጠራቀመው ሥልጣን ግን ከእርሱ ጋር አልተቀበረም። ከዓመታት በኋላ የዮሴፍን የገዛ ዘሮች በጭቃና በጡብ ሥራ ላስጨነቀው ንጉሥ ወረደ። ስለዚህ ስለ አንድ ዕቅድ «የሚመራው ሰው ጥሩ ነው» ማለት አይበቃም። ነገ ክፉ ሰው ቢረከበውስ ምን ያደርግበታል ብሎ መጠየቅም ያስፈልጋል።

ዕቅድ ሲያልቅ የሚቀረው

ይህ የሩቅ አገር ታሪክ አይደለም። ከ1977 ዓ.ም. ረሃብ በኋላ መንግሥት ከወሎና ከሌሎች የተጎዱ አካባቢዎች ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ አንሥቶ በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ አሠፈረ። አሶሳ ዙሪያና ፓዌ ከዋናዎቹ የሠፈራ ቦታዎች መካከል ነበሩ። በፓዌ በጣሊያን መንግሥት ገንዘብ የጣና በለስ ፕሮጀክት ተጀመረ። ትራክተሮች መጡ፣ ጫካው ተመነጠረ፣ መንገድ ተሠራ። ሥራውን የያዘው ሳሊኒ ከዓመታት በኋላ የህዳሴ ግድብን የገነባው ኩባንያ ነው። ዓላማው ክፉ ነበር ማለት አንችልም፤ ሰው እየሞተ ነበርና። ነገር ግን ከሠፋሪዎቹ ብዙዎቹ ወደውና መርጠው አልመጡም። በዚያ መሬት ላይ ያድኑና ያርሱ የነበሩት ጉሙዞችም ፈቃዳቸው አልተጠየቀም። በወባና በልዩ ልዩ በሽታ ብዙ ሰው አለቀ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥና የውጭው ገንዘብ ሲቆም፣ ትራክተሮቹም አብረው ቆሙ።

ከዚያ ሁሉ ምን ቀረ? በፓዌ ያለው ሆስፒታል ቀረ። የግብርና ምርምር ማዕከሉ ቀረ። እዚያው ተወልደው ያደጉ፣ ሌላ አገር የማያውቁ ልጆች ቀሩ። መሬቴን ሳልጠየቅ ተወሰደብኝ የሚል ቁስልም ቀረ። ሰውን የሚያስተምርና የሚያክም ነገር ዕቅዱ ከሞተ በኋላም ኖሯል። ሳይጠየቅ የታለፈ ሰው ቁስልም እንዲሁ ኖሯል።

አሁን ወደ ወርቁ እንመለስ። ለኩርሙኩ ማዕድን በመጀመሪያ የተሰላለት የማምረት ዕድሜ አሥር ዓመት ያህል ነው። ተጨማሪ ወርቅ ከተገኘ ሊረዝም ይችላል፤ ይሁን እንጂ ማዕድን የቱንም ያህል ቢረዝም ያልቃል። ይህን ሒሳብ በራሳችሁ ዕድሜ አስሉት። ማዕድኑ ሥራ ሲጀምር የ15 ዓመት ልጅ የነበረ ሰው፣ ሥራው ሲያበቃ 25 ዓመቱ ነው። በእነዚያ አሥር ዓመታት ትምህርቱን ትቶ በቀን ሥራና በደላላነት ያሳለፈ ወጣት፣ ኩባንያው ሲሄድ በሕይወቱ መጀመሪያ ላይ ባዶ እጁን ይቆማል። በእነዚያው ዓመታት ብየዳ፣ የማሽን ጥገና፣ የላቦራቶሪ ሥራ፣ የሒሳብ አያያዝ ወይም ነርስነት የተማረው ግን ሙያውን ይዞ ወደ ቀጣዩ ሥራ ይሄዳል።

በሰፊው ዓለምም ያው ነው። በፓሲፊክ ውቅያኖስ ያለችው ትንሿ ደሴት ናውሩ ከምድሯ በሚወጣ ፎስፌት በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በነፍስ ወከፍ ገቢ ከዓለም ባለጠጎች ተርታ ተሰልፋ ነበር። ለነገ ተብሎ የተቀመጠው ገንዘብ በከንቱ ባከነ፤ ለንደን ውስጥ ለከሰረ የሙዚቃ ቲያትር ሳይቀር ወጣ። ፎስፌቱ ሲያልቅ የደሴቲቱ መሐል አገር የማይታረስ የሾለ ድንጋይ ሆኖ ቀረ። ቦትስዋና ግን ነፃ በወጣች በዓመቱ፣ በ1967 (እ.ኤ.አ.)፣ አልማዝ ስታገኝ ከዓለም እጅግ ደሀ አገሮች አንዷ ነበረች። ገንዘቡን በትምህርት ቤት፣ በጤናና በመንገድ ላይ አዋለችው። ዛሬም ችግር አላት፤ የአልማዝ ገበያ ሲቀዘቅዝ ትታመማለች። ሆኖም የተማረ ትውልድ አላት። የሁለቱም ሀብት ከመሬት የወጣ ነው፤ የተለያየው ሀብቱ ወደ ምን እንደ ተለወጠ ነው።

ይህን የቆላ ቀርቀሃችንም ያስተምረናል። ቀርቀሃ ብዙ ዓመት ኖሮ አንድ ጊዜ ያብባል፤ ካበበ በኋላ ጫካው በጅምላ ይደርቃል። ያየው ሰው ጠፋ ይላል። ነገር ግን ከመድረቁ በፊት ዘሩን አርግፏል። ያ ዘር ከእሳትና ከከብት ከተጠበቀ ጫካው ይመለሳል፤ ካልተጠበቀ ግን በቦታው ሣር ይበቅላል። የወርቁ ዘመን የአበባው ዘመን ነው። ሥራችን ዘሩን መጠበቅ ነው።

ባለቤትና መጤ

አሁን ደግሞ ስለ እድገት ስናወራ ብዙ ጊዜ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ወደምናልፈው ነገር ልምጣ። የክልላችን ሕገ መንግሥት በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞን የክልሉ ባለቤት ብሔረሰቦች ይላቸዋል። ከእነርሱ ጋር አማራው፣ ኦሮሞው፣ አገው አዊውና ሌሎችም ለትውልድ ኖረዋል። ከድንበር ማዶ ደግሞ ከጦርነት የሸሹ የሱዳን ሰዎች በኩርሙክ በኩል ይመጣሉ። ሀብት ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «የማን ነው?» የሚል ይሆናል። ጥያቄው ፍትሕን ከያዘ መልካም ነው። ጥላቻን ከያዘ ግን ዋጋው ሕይወት ነው። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ንጋት ላይ በመተከል በቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ ከ200 በላይ ሰዎች መገደላቸው ተዘግቧል። በሌሎች ቀናት ደግሞ ጉሙዞች በጉሙዝነታቸው ተገድለዋል። በ2014 ዓ.ም. እዚሁ ቶንጎ፣ አንድ ጊዜ ከጦርነት የሸሹት ስደተኞች መጠለያቸውን ጥለው ሁለተኛ ሸሽተዋል። መንገድ ሲዘጋ ቡናውም ማንጎውም ወርቁም አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ሰላምን የማይጨምር የኢኮኖሚ ዕቅድ አንድ ምዕራፍ ሳይሆን መሠረቱ ጎድሎታል።

ቃሉ ለሁለቱም ወገን የሚናገረው አለው። ዘሌዋውያን 25 ምድሪቱ የእግዚአብሔር እንደሆነችና እኛ በእርሱ ፊት እንግዶች እንደሆንን ያስተምራል። በዚያው ምዕራፍ ግን በችግር ከርስቱ የወጣ ሰው ወደ ርስቱ እንዲመለስ ይደነግጋል። ስለዚህ ለሁሉም ሰው «ምድር የእግዚአብሔር ናት» እያልን፣ መሬቱ ያለ ፈቃዱ የተወሰደበትን የጉሙዝ ወይም የማኦ ገበሬ ዝም ማሰኘት አንችልም። «ርስታችን ነው» እያልንም እዚህ ተወልዶ ያደገውን ልጅ እንግዳ ልናደርገው አንችልም። በክልላችን ከሙስሊም ጎረቤቶቻችን ጋር አብረን እንኖራለን፤ የውኃ ጉድጓዱም ገበያውም አንድ ነው። የምናቅደው ነገ ለምእመናን ብቻ ከሆነ ገና ከጅምሩ ጠባብ ነው። የዮሴፍ ጎተራ እንኳ ከየአገሩ ለመጡት ተከፍቷል።

ነህምያ ጉባኤ የጠራበት ቀን

ታዲያ ነፍስንም የሚያድን፣ ሰውንም በክብሩ የሚያቆም ዕቅድ ምን ይመስላል? ነህምያን ተመልከቱ። እርሱም ዓቃጅ ነበር። ከንጉሡ ደብዳቤና እንጨት ጠየቀ፣ በሌሊት ዞሮ ቅጥሩን መረመረ፣ ሥራውን በየቤተሰቡ አከፋፈለ። ሥራው ሲፋጠን ግን በምዕራፍ 5 ከድሆቹ ዘንድ ጩኸት መጣ። እርሻቸውንና ወይናቸውን ለእህል አስይዘዋል፤ ልጆቻቸው ለዕዳ ተሰጥተዋል። ያበደሯቸውም የገዛ ወንድሞቻቸው ነበሩ።

ነህምያ ምን ሊል ይችል ነበር? «አሁን ጊዜው አይደለም፤ ጠላት ዙሪያችንን ከቦናል፣ ግንባታው ይለቅ» ሊል ይችል ነበር። ይህን የሚመስል ንግግር ሁላችንም ሰምተናል። እርሱ ግን ተቆጣ፤ ከዚያም ቁጣው ቶሎ እንዳይናገር በልቡ አሰበበት። ታላላቆቹን ፊት ለፊት ወቀሳቸው፣ ጉባኤ ጠራ፣ እርሻው በዚያው ቀን ለባለቤቶቹ እንዲመለስ አስማላቸው። እርሱ ራሱም ገዢ በነበረባቸው አሥራ ሁለት ዓመታት ለገዢ የሚገባውን ቀለብ ከሕዝቡ አልወሰደም። ቅጥሩስ ዘገየ? በ52 ቀን አለቀ። በግብፅ ካህናቱ ድርጎአቸውን እየበሉ ሕዝቡ መሬቱን ሸጠ፤ በኢየሩሳሌም ገዢው ድርጎውን ትቶ ሕዝቡ መሬቱን አስመለሰ።

ከእኛ ብዙም በማይርቀው በወለጋ ቦጂ የተወለዱት ቄስ ጉዲና ቱምሳም በዚህ መንገድ ያሰቡ አባት ናቸው። እርሳቸው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ በነበሩበት ጊዜ፣ በ1964 ዓ.ም.፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አንድ ሰነድ ላከች። በዚያን ጊዜ የውጭ ረጂዎች ለልማት ሥራ በቀላሉ ይሰጡ ነበር፤ ለወንጌል ሥራ ግን እጃቸው ያጥር ነበር። ሰነዱ ሰውን ለሁለት መክፈል እንደማይገባ ተከራከረ። ሰው ነፍስ ብቻ አይደለም፣ ሆድ ብቻም አይደለም፤ እግዚአብሔር የሚፈልገው ሙሉውን ሰው ነው። ቄስ ጉዲና ከሰባት ዓመት በኋላ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በደርግ ተገደሉ። ያነሡት ጥያቄ ግን ዛሬ በእናንተ ፊት ነው። ትምህርቱን፣ ወርቁንና ሽቦውን ትተን ለነፍስ ብቻ ብንጸልይ ሰውን ከፍለናል። ሰውን ረስተን ስለ ሜጋ ዋትና ስለ ኩንታል ብቻ ብናወራም ከፍለናል።

እኛስ?

«እኛ ማን ነን? ዕቅድ የሚያወጡት አሶሳና አዲስ አበባ ያሉ ባለ ሥልጣናት ናቸው» የሚል ይኖራል። እውነት አለው። የአገሪቱ የአሥር ዓመት መሪ ዕቅድ ከ2013 እስከ 2022 ዓ.ም. የተዘረጋው በቶንጎ አልነበረም። ሆኖም እያንዳንዱ ትልቅ ዕቅድ መጨረሻ ላይ በቀበሌ ስብሰባ፣ በትምህርት ቤት ክፍልና በአንድ ቤተሰብ ምርጫ ውስጥ ያልፋል። በዚያ ቦታ ደግሞ እናንተ አላችሁ።

በቅርባችሁ ካለው ጀምሩ። ወርቅ እንታጠብ ብለው ከክፍል የቀሩ ጓደኞች ካሏችሁ አትፍረዱባቸው፤ ብዙዎቹ እናታቸውን ለመርዳት ነው የሄዱት። ይልቅስ ኅብረታችሁ ሊያግዝ የሚችለውን አስቡ። በሳምንት ሁለት ማታ የማካካሻ ትምህርት መስጠት ትችላላችሁ። ወርቅ ከሜርኩሪ ጋር የሚያቃጥሉ ካሉ ጭሱ ሕፃናትንና ነፍሰ ጡሮችን እንደሚመርዝ ንገሯቸው። ከወርቅ በተገኘ ገንዘብ ሞተር ሳይክል ከመግዛት በፊት የጋራ ዕቁብ ማቋቋም፣ ከዕቁቡም አንድ ሰው ሙያ እንዲማር ማድረግ ይቻላል። በማንጎ ወራት ከየዛፉ ሥር የሚበሰብሰውን ፍሬ ተመልከቱ፤ ማድረቅንና ጭማቂ ማዘጋጀትን የተማሩ አምስት ወጣቶች ከአንድ ትልቅ ንግግር ይበልጣሉ። የጎረቤታችሁን ቋንቋ ተማሩ። ቶንጎ ገበያ ላይ ማኦኛ፣ በርታኛ፣ ኦሮምኛና አማርኛ ይሰማል፤ ሦስቱን የሚችል ወጣት ነጋዴም አስታራቂም ይሆናል።

ሕዝባዊ ስብሰባ ሲጠራም ሂዱ። ሄዳችሁም በትሕትና፣ ግን በግልጽ ጠይቁ፦ ከሚመጣው ሥራ ስንቱ ለአካባቢው ልጆች ነው? ሥልጠናውስ መቼ ይጀመራል? መሬቱ የሚወሰድበት ሰው ተጠይቋል? ኩባንያው ሲሄድ የተቆፈረውን ማን ይደፍናል? ይህን መጠየቅ ዐመፅ አይደለም። ጌታ ግንብ ሠሪው ተቀምጦ እንዲያሰላ ያዘዘው ስሌት ይህ ነው። ስብሰባው ላይ የጎደለውንም ሰው ፈልጉ። ከገጠር ያልመጣችው እናት፣ ቋንቋው ያልተተረጎመለት ሽማግሌ፣ ስሙ በመዝገብ የሌለው ተፈናቃይ የት አሉ? ነህምያን ያስቆመው ጩኸት የመጣው እነርሱን ከመሰሉ ሰዎች ነው።

ይህን ሁሉ አድርገንም ነገ እንደ አሰብነው ላይሆን ይችላል። የወርቅ ዋጋ ሊወድቅ፣ ዝናብ ሊቀር፣ ሰላም ሊደፈርስ ይችላል። ነገ በእኛ እጅ አይደለም፤ ያዕቆብ የነገረንም ይህንኑ ነው። በእጃችን ያለው ዛሬ የምንጥለው ዘርና ዛሬ የምንጠራው ሰው ነው። ስለዚህ አቅዱ፤ ስታቅዱም ከኅብረታችሁ፣ ከሰፈራችሁ፣ ከጎረቤታችሁ ማን እንደ ጎደለ ቁጠሩ። ጎተራው ሲሞላ ቁልፉ በብዙ እጅ እንዲሆን አሁን፣ ገና ሳይሞላ፣ ተነጋገሩበት። ከሞላ በኋላ መነጋገር እጅግ ይከብዳልና።

ጸጋ ከሁላችሁ ጋር ይሁን።

ለውይይት

1. ዘፍጥረት 47፥13–26ን በጋራ አንብቡ። ዮሴፍ ሌላ ምን ማድረግ ይችል ነበር? ሁለት ቡድን ሆናችሁ ተከራከሩ።

2. በአካባቢያችሁ ዕቅዱ ካለቀ በኋላም የቀረ ጥሩ ነገር ምንድን ነው? የቀረ ቁስልስ?

3. የዛሬ አሥር ዓመት ስንት ዓመት ይሆናችኋል? በዚያን ጊዜ በእጃችሁ እንዲኖር የምትፈልጉትን አንድ ሙያ ለጎናችሁ ላለው ተናገሩ።

4. ኅብረታችሁ በሚቀጥሉት ሦስት ወራት ሊጀምረው የሚችል አንድ ሥራ ምረጡ። ሥራውን ስታቅዱ ያልተጠየቀ ሰው ይኖር ይሆን?